የጥልቅ ጉድጓድ ዙሪያ ጥበቃ፤ ከደብረ ብርሃን ዳርቻ የተያዘ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

መስከረም መጨረሻ

ሥራው ከክረምቱ ማግሥት እንዲጀመር የተደረገው በምክንያት ነው። የከርሰ ምድር ውኃ በዓመቱ ውስጥ ከፍ ብሎ የሚገኘው አሁን ስለሆነ የሽንት ቤት ጉድጓድ ወለል ከውኃው ምን ያህል እንደሚርቅ መለካት ያለበትም አሁን ነው። ግንቦት ላይ የለካ ሰው "ብዙ ሜትር ደረቅ አፈር አለ" ብሎ ይፈርማል፤ ነሐሴ ሲገባ ያው ሽንት ቤት ውኃ ውስጥ ይቆማል።

ቦታው ወደ በሬሳ ወንዝ የሚያዘነብል ተዳፋት ነው። በሬሳ ወደ ጀማ፣ ጀማ ወደ ዓባይ ስለሚገባ እዚህ የሚደፋ ነገር የሰፈር ጉዳይ ብቻ አይደለም። መሐል ላይ ለሰፈሩ የሚያጠጣ ባለ 6 ኢንች ጥልቅ ጉድጓድ አለ። በ200 ሜትር ዙሪያው የተመዘገቡት የብክለት ምንጮች፦ ጋራዥ፣ ከጎኑ ላቫጆ፣ የከብት ማድለቢያ በረት፣ የቤት ሽንት ቤቶች፣ ቆሻሻ የተሞላበት የድሮ የድንጋይ ማውጫ፣ እና ማንም የማይቀዳበት ክፍት የእጅ ጉድጓድ። የሁሉም አቀማመጥ በስልክ ጂፒኤስ ተያዘ። የስልክ ጂፒኤስ ብዙ ሜትር ስለሚስት ሽንት ቤት ከውኃ ጉድጓድ እንዲርቅ የሚባለውን የ30 ሜትር ርቀት በእሱ መወሰን አይቻልም፤ ለዝርዝሩ ይበቃል፣ ርቀቱን ግን ሜትር ይዞ መለካት ነው።

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠቁመው ሽንት ቤቱን ነው። ከዝርዝሩ ውስጥ እኛን ይበልጥ ያሳሰበን የመጨረሻው ነው። ሽንት ቤት ብክለቱን በአፈር ውስጥ አጣርቶ ይልካል፤ ክፍት ጉድጓድ ግን አፈሩን ዘሎ በቀጥታ ያደርሰዋል።

ጥቅምት፣ የውኃው አቅጣጫ

ውኃው ወዴት እንደሚሄድ ሳይታወቅ የትኛው ምንጭ እንደሚቀድም መወሰን አይቻልም። በሦስት የእጅ ጉድጓዶች የሚሠራው ስሌት ቀላል ነው። ሦስቱም በአንድ የከርሰ ምድር ውኃ ንብርብር ውስጥ የተቆፈሩ መሆን አለባቸው፤ ጥልቁን ጉድጓድ ከእነሱ ጋር መቀላቀል ውጤቱን ያበላሻል፣ ምክንያቱም የሚቀዳው ከታችኛው የተሰነጠቀ ጥቁር ድንጋይ ውስጥ ካለው ውኃ ነው።

በመጀመሪያ የሁሉም አፍ በሌቭል ማሽን ከአንድ መነሻ ተለካ፤ የጥልቁን ጉድጓድ አንገት 100 ሜትር አልነው። የባለጉዳዮቹን ፈቃድ ተቀብለን ማታ ቀጂ እንዳይኖር ተደረገ፣ ጠዋት ውኃው ተለካ። ዲፐር (የውኃ ጥልቀት መለኪያ) ለሌለው የብረት ሜትር ጫፉን ጠመኔ ቀብቶ ማውረድ ይበቃል፤ ጉድጓዱ አፍ ላይ ከተያዘው ንባብ ጠመኔው የረጠበበት ርዝመት ሲቀነስ ጥልቀቱ ነው። ከአፉ ከፍታ ላይ ጥልቀቱ ሲቀነስ ጉድጓድ ሀ 96.40፣ ጉድጓድ ሐ 95.50፣ ጉድጓድ ለ 94.90 ሆነ። ከሀ እስከ ለ 180 ሜትር ነው፤ ልዩነታቸው 1.50 ሜትር። መካከለኛው ሐ ከሀ በ0.90 ስለሚያንስ፣ በሀ–ለ መስመር ላይ 0.90 ÷ 1.50 × 180 = 108 ሜትር ከሀ ርቆ ያለው ነጥብ ከሐ ጋር እኩል ከፍታ አለው። ያን ነጥብ ከሐ ጋር የሚያገናኘው መስመር የእኩል ውኃ መስመር ነው፤ ውኃው የሚሄደው እሱን በ90 ዲግሪ አቋርጦ ወደ ዝቅተኛው ነው። ጋራዡ፣ ላቫጆውና ክፍቱ ጉድጓድ ከጥልቁ ጉድጓድ በላይ በኩል ወደቁ። ማድለቢያው ከታች በኩል ነው፤ ለአሁኑ ሁለተኛ ረድፍ ይቆይ።

ይህን ስሌት ከሚገባው በላይ ማመን አይገባም። ከአፈሩ በታች ያለው ድንጋይ የሚያሳልፈው በስንጥቁ ስለሆነ ውኃው ስንጥቁን ተከትሎ ወደ ጎን ሊሄድ ይችላል፤ ፓምፑ ሲሠራ ደግሞ ከታች በኩል ያለውንም ወደ ራሱ ይስባል። የ30 ሜትር ርቀት የሚለው የሽንት ቤት ልማድ ለአፈር የወጣ እንጂ ለተሰነጠቀ ድንጋይ አይደለም።

ኅዳር፣ ጋራዡና ላቫጆው

የተቃጠለ ዘይት በአራት በርሜል፣ እያንዳንዱ 200 ሊትር፣ በባዶ መሬት ላይ ቆሞ ነበር። የሚሠራው መያዣ ገንዳ የትልቁን በርሜል 110 በመቶ፣ ማለትም 220 ሊትር መያዝ አለበት። የውስጥ ስፋቱ 2.4 በ1.2 ሜትር፣ 2.88 ካሬ ነው። አንዱ በርሜል ቢፈስ ሦስቱ ቦታቸውን እንደያዙ ስለሆነ የእነሱ ወለል (58 ሳንቲም ዲያሜትር፣ በአንድ 0.264 ካሬ) ይቀነሳል፤ የሚቀረው 2.09 ካሬ ነው። 220 ሊትር በዚህ ላይ 10.5 ሳንቲም ይቆማል። ስለዚህ አንድ ረድፍ ብሎኬት፣ 20 ሳንቲም፣ ይበቃል።

ብሎኬቱ ላይ ሁለት ነገር ይበላሻል። አንደኛው ባዶ ቀዳዳው ነው፤ በኮንክሪት ካልተሞላ ዘይቱ በውስጡ ገብቶ ከታች ይወጣል። ስለዚህ ቀዳዳው ሁሉ ተሞልቶ ከውስጥ በ1 ለ 3 ሲሚንቶና አሸዋ 2 ሳንቲም ይለሰናል፣ ማዕዘኑ በክብ ይሞላል። ሁለተኛው የዝናብ ውኃ ማስወጫ ተብሎ ከታች የሚበሳው ቀዳዳ ነው። ያ ቀዳዳ ካለ ገንዳው የለም ማለት ነው። መፍትሔው ከላይ ቆርቆሮ ማልበስ ነው፤ ቆርቆሮው ከገንዳው ጠርዝ 50 ሳንቲም ይለፍ፣ የደብረ ብርሃን ዝናብ ከንፋስ ጋር ነውና።

ዘይቱ ከቤንዚን፣ ከፍሬን ዘይትና ከውኃ ጋር ካልተቀላቀለ ገዢ አለው፤ ከተቀላቀለ የሚወስደው የለም፣ መጨረሻው ቦይ ነው። ለዚህ ነው በአንዱ በርሜል ላይ "የሞተር ዘይት ብቻ" ተብሎ በቀለም የተጻፈው። ወለል ላይ የሚንጠባጠበው በሰጋቱራ ይነሣል፤ የተነከረው ሰጋቱራ ክዳን ባለው በርሜል ይቀመጣል።

የላቫጆው ማጣሪያ ባለ ሦስት ክፍል ፖዜቶ (የፍሳሽ ውኃ ማቆያ ሳጥን) ነው። ሁለት የውኃ ጎማ በአንዴ ሲሠራ በደቂቃ ወደ 40 ሊትር ይፈሳል፤ ውኃው 30 ደቂቃ እንዲቆይ 1,200 ሊትር ያስፈልጋል። የውስጥ ርዝመት 2 ሜትር (1.0 + 0.5 + 0.5)፣ ስፋት 0.8፣ የውኃ ጥልቀት 0.8 ሆኖ 1,280 ሊትር ይይዛል። የመጀመሪያው ክፍል ሰፊ የሆነው ጭቃው እዚያ እንዲቀር ነው። ከክፍል ወደ ክፍል የሚያሻግረው ባለ 110 ሚሊ ፒቪሲ በጎሚቶ (የቧንቧ ማጠፊያ) ታጥፎ ከውኃው ፊት 40 ሳንቲም ወደ ታች ይጠለቃል፤ ዘይት ስለሚንሳፈፍ የሚያልፈው ከታች ያለው ውኃ ብቻ ነው። የጎሚቶው አፍ ሲዘጋ የሚያወልቀው ሠራተኛ ብዙ ነው፤ ጎሚቶው የወለቀ ማጣሪያ ዘይቱን አንድም ሳይቀር ያሳልፋል።

ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሦስቱም ክፍል በንጹሕ ውኃ ይሞላሉ። በባዶው ከተጀመረ መጀመሪያ የሚገባው ዘይት እስከ መጨረሻው ክፍል ወለል ይደርስና ውኃው ሲሞላ ተንሳፍፎ በመውጫው ይሄዳል። ሌላው ጠላት ሳሙና ነው፤ ኦሞና ፈሳሽ ሳሙና ዘይቱን በጣም ደቃቅ አድርጎ ከውኃው ጋር ስለሚያዋህደው ማጣሪያው አይለየውም። ሞተር የሚታጠብበት ቦታ ከመኪናው ገላ ማጠቢያ ተለይቶ፣ ሞተሩ በብሩሽና በናፍጣ በሳፋ ላይ እንዲጸዳ ተስማማን። ሳፋው "የሞተር ዘይት ብቻ" ወዳልተባለ በርሜል ይገለበጣል።

ታኅሣሥ፣ የጥልቁ ጉድጓድ አንገት

በኬዚንጉ (የጉድጓዱን ግድግዳ በያዘው ቱቦ) ዙሪያ 60 ሳንቲም ሲቆፈር የተገኘው ልቅ አፈር ነው፤ ሲቆፈር የወጣው ፍርስራሽ ተመልሶ የተሞላበት። ቀጭን የፌሮ ዘንግ በእጅ ግፊት ብቻ ይገባል። ማለት ከላይ የሚወርድ ውኃ ሁሉ ኬዚንጉን ተከትሎ ወደ ታች ይሄዳል፤ ከዚህ በላይ አጭር መንገድ የለም።

የቀዳዳው ዲያሜትር 250 ሚሊ፣ የኬዚንጉ ውጭ 165 ሚሊ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ስፋት 42 ሚሊ ስለሆነ ባለ 1 ኢንች ቧንቧ እየታከከ ይያዛል፤ ባለ 3/4 ኢንች ይገባል። በእሱ ውኃ እየተነፋ ልቅ አፈሩ እስከ 6 ሜትር ታጥቦ ወጣ። ቀጥሎ በዚያው ቧንቧ ሲሚንቶ ከታች ወደ ላይ ይሞላል። ከላይ ማፍሰስ አይሠራም፤ አየርና ውኃ ታስሮ ባዶ ኪስ ይቀራል።

ስሌቱ፦ 0.785 × (0.250² − 0.165²) × 6 = ወደ 166 ሊትር። አንድ 50 ኪሎ ሲሚንቶ ከ27 ሊትር ውኃ ጋር ወደ 43 ሊትር ድብልቅ ይሰጣል፤ ስለዚህ ወደ 4 ከረጢት። ታጥቦ የሰፋ ቦታ አይጠፋምና 5 ከረጢት ይዘጋጅ። አሸዋ አይገባም። ሲሚንቶው በወንፊት ይነፋ፤ አንድ ጓል ቀጭኑን ቧንቧ ይዘጋል፣ ሲዘጋ ደግሞ ድብልቁ ውስጡ ይደርቃል። ውኃ መጨመር ለሠራተኛው ይቀለዋል፣ ከ30 ሊትር ካለፈ ግን ሲደርቅ ይሸሻል፣ ከኬዚንጉ ይላቀቃል።

ኬዚንጉ ፒቪሲ ከሆነ 6 ሜትሩን በአንድ ጊዜ መሙላት አደጋ አለው። እርጥብ ሲሚንቶ ከውኃ ሁለት እጥፍ ሊደርስ ጥቂት የሚቀረው ክብደት አለው፤ በውስጥ በኩል ውኃው ዝቅ ብሎ ባዶ ስለሆነ ቱቦው ወደ ውስጥ ሊሰረጉድ ይችላል፣ ሲሚንቶው ሲጠነክር የሚያወጣው ሙቀትም ያለሰልሰዋል። በሁለት ዙር፣ በየ3 ሜትሩ፣ በመካከሉ አንድ ሌሊት አሳድሮ መሙላት ነው። በማግሥቱ ከላይ ጥቂት ይወርዳል፤ ይሞላል።

ከዚያ በላይ የኮንክሪት ወለሉ ይመጣል፦ 4 በ4 ሜትር፣ ውፍረት 15 ሳንቲም፣ 1 ለ 2 ለ 4፣ ባለ 8 ሚሊ ፌሮ በየ20 ሳንቲሙ፤ ወደ 16 ከረጢት ሲሚንቶ ይበላል። ከመሐል ወደ ጠርዝ ቢያንስ 4 ሳንቲም ይዘነብል። የኬዚንጉ አንገት ከወለሉ 50 ሳንቲም ከፍ ይበል።

መረሬ (ጥቁር የሸክላ አፈር) ላይ በቀጥታ የተሞላ ወለል አይከርምም። አፈሩ ክረምት አብጦ ያነሣዋል፣ በጋ ተኮማትሮ ባዶ ይተወዋል፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ይሰነጠቃል። የታወቀው መፍትሔ 60 ሳንቲም ቆርጦ አውጥቶ ገረጋንቲ በየ20 ሳንቲሙ እየጠቀጠቁ መሙላት ነው። ለመንገድ ልክ ነው፤ ለውኃ ጉድጓድ ግን በከፊል ብቻ። ገረጋንቲ ውኃ ያሳልፋል፣ ዙሪያው መረሬ አያሳልፍም፤ ስለዚህ መሐሉ ኬዚንግ የቆመበት ሳህን ይሆናል። በዚህ ምክንያት በኬዚንጉ ዙሪያ 50 ሳንቲም ድረስ ገረጋንቲ ሳይገባ በኮንክሪት ተሞላ፣ ከገረጋንቲው ወለልም ወደ ቁልቁለቱ የሚያወጣ ቱቦ ተቀበረ።

የታኅሣሥ ውርጭ ለኮንክሪት አይመችም። ሙቀቱ ከ5 ዲግሪ ሲወርድ ሲሚንቶ መጠንከሩን ያዘገያል፣ አዲሱ ሙሌት ውርጭ ከመታው ደግሞ ፊቱ እንደ ቅርፊት ይነሣል። ሙሌቱ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተጀምሮ 7 ሰዓት ሳይሞላ ያልቃል፤ ማታ ላስቲክ፣ በላዩ አንድ ክንድ ጭድ። ኮንክሪቱ ውኃ የሚጠጣው እኩለ ቀን ላይ ነው፣ ለ7 ቀን። ማታ የሚያጠጣ ዘበኛ በደግነቱ ያበላሸዋል።

ጥር፣ ስንጥቁ

"መረሬ እኮ ውኃ አያሳልፍም" የሚለው ክርክር ከስብሰባ ስብሰባ ይመጣል። እርጥብ ሲሆን እውነት ነው፦ 30 ሳንቲም ጉድጓድ ሌሊቱን ሙሉ በውኃ ተይዞ ካደረ በኋላ በ30 ደቂቃ የወረደው ከ1 ሳንቲም በታች ነው። አሁን ግን ጥር ነው፤ መሬቱ ሁለት ጣት የሚያስገባ አፍ ከፍቷል።

በክርክር ፋንታ ኖራ ተበጠበጠ። 20 ሊትር ቀጭን የኖራ ውኃ በአንድ ስንጥቅ ተፈሰሰ፤ ጀሪካኑ እስኪያልቅ ከላይ አንድም አልቆመም። በማግሥቱ ከጎኑ ቦይ ተቆፍሮ ግድግዳው በቢላ ተላገ። ነጩ መስመር ከሣር ሥር ጀምሮ በጥቁሩ አፈር መሐል እንደ ክር ይወርዳል፣ 40 ሳንቲም ላይ ይሰነጠቃል፣ አንዱ ክር 90 ሳንቲም ድረስ ዘልቆ የተበሳበሰውን ድንጋይ ነክቷል። በስንጥቁ ግራና ቀኝ ያለው አፈር ኖራ አልነካውም፤ ደረቅ ነው። ማጣራት የሚባለው ነገር አልተካሄደም ማለት ነው።

ይህ የሥራውን ቅደም ተከተል ይወስናል። አደገኛው ወቅት ክረምቱ መሐል አይደለም፤ የበልግ የመጀመሪያዎቹ ዝናቦችና የሰኔ መግቢያ ናቸው፣ አፈሩ አብጦ ሳይዘጋ። በበጋው የተጠራቀመ ዘይት፣ የከብት ሽንት፣ አመድ የሚታጠበው በዚያ ሰሞን ነው። ስለዚህ መሬት ላይ ያለው ነገር ከበልግ በፊት መነሣት አለበት። የማድለቢያው ፍግም ከመሬት ወደ ተለሰነ ወለል ወጣ፤ ኩበት የሚጠፈጠፍበትም እዚያው ላይ ሆነ፣ ሽንቱ በቦይ ወደ ዝግ ጉድጓድ ይወርዳል።

የካቲት፣ ክፍቱ የእጅ ጉድጓድ

ጥልቀቱ 11 ሜትር፣ ስፋቱ 1.1 ሜትር። ሰው እንዳይገባ ተከለከለ፤ አየር የሌለው ጉድጓድ ሰው ይገድላል፣ ሻማ አውርዶ መፈተንም ዋስትና አይደለም። የቤንዚን ፓምፕ ወደ ውስጥ ማውረድ ከዚህ የባሰ ነው፣ ጭሱ መርዝ ነው። ቆሻሻው ከላይ በመንጠቆና በባልዲ ወጣ።

ቆሻሻ ሞልቶ አፈር መመለስ መዝጋት አይደለም። ከታች ተነሥቶ ከመሬት ፊት እስከ 4 ሜትር ጥልቀት፣ የክረምቱ ውኃ እስከሚደርስበት፣ የታጠበ ጠጠር ይሞላል፤ 0.95 ካሬ × 7 ሜትር ወደ 6.7 ሜትር ኩብ። ውኃው እንደ ቀድሞው እንዲያልፍ ይተዋል፣ አፈር ብንጨምርበት ይበጠበጣል። ከ4 እስከ 1 ሜትር መረሬ፣ 2.9 ሜትር ኩብ። መረሬው በውኃ ተረግጦ እንደ ሸክላ ሠሪ ጭቃ ይቦካል፣ በየ15 ሳንቲሙ ይጨመራል፤ የሚጠቀጠቀው ከላይ ነው፣ በረጅም ባሕር ዛፍ ጫፍ ላይ በተሞላ የኮንክሪት እግር። ደረቅ ጓል ከተጣለ ጓሎቹ ተደጋግፈው ከሥራቸው ባዶ ይተዋሉ።

ሁለት ነገር እንዳይዘለል። የድንጋይ ግድግዳው ቢያንስ የላይኛው 1 ሜትር ከነጀርባው ይፈርስ፤ ከድንጋዩ ኋላ ያለው ክፍተት ራሱን የቻለ ቱቦ ነው። መረሬው ደግሞ እስከ መሬት ፊት አይምጣ። በጋ ይደርቅና እንደ ዙሪያው ይሰነጠቃል፤ በላዩ 1 ሜትር ተራ አፈር ለብሶ እርጥበቱን ይያዝ። ቁልሉ ከመሬት 30 ሳንቲም ከፍ ይበል፣ መውረዱ አይቀርም።

መጋቢት፣ ሽንት ቤቶች

በመስከረም በእጅ መሰርሰሪያ የተገኘው ላይኛው ውኃ 4.1 ሜትር ላይ ነበር። ወለሉ ከውኃው 2 ሜትር ይራቅ ከተባለ ከ2.1 ሜትር በላይ መቆፈር አይቻልም፤ የሰፈሩ ልማድ ግን 3 ሜትርና ከዚያ በላይ ነው። ለ6 ሰው በዓመት በሰው 60 ሊትር ቢያዝ፣ ለ5 ዓመት 1.8 ሜትር ኩብ፤ 1 በ1 ሜትር ጉድጓድ ላይ 1.8 ሜትር፣ ከላይ 50 ሳንቲም ባዶ ሲጨመር 2.3 ሜትር። መልሱ 2 ሜትር ቆፍሮ 50 ሳንቲም ከመሬት በላይ ማንሣት ነው። ከፍ ያለው ክፍል ከውስጥም ከውጭም ይለሰን፤ አለዚያ በጎን ይተፋል። ከጥልቁ ጉድጓድ በላይ በኩል ላሉት ግን ታችም ጭምር ዝግ ሆኖ በመጣጭ መኪና የሚወጣ ተመረጠ። ውድ ነው፤ ጥያቄው መኪናው የመጠጠውን የት ይደፋል የሚለውም ነው፣ ከደፋበት ቦታ ደረሰኝ ካልመጣ ክፍያው አይለቀቅም።

ሚያዝያ፣ ማጠብና ናሙና

ጥልቁ ጉድጓድ በሥራው ስለተነካካ በክሎሪን ይታጠባል። 40 ሜትር የውኃ ቁመት በ150 ሚሊ ኬዚንግ 707 ሊትር ነው፤ ከኬዚንጉ ውጭ ላለው ጠጠር ግማሽ ሲጨመር 1,060 ሊትር። በሊትር 50 ሚሊ ግራም፣ 53 ግራም ክሎሪን፤ 65 በመቶው ክሎሪን በሆነ ኤችቲኤች (የክሎሪን ዱቄት) 82 ግራም። በፕላስቲክ ባልዲ ሟሙቶ ንጹሑ ብቻ ይፈሳል፣ 12 ሰዓት ያድራል፣ ሽታው እስኪጠፋ ይወጣል፤ ወደ በሬሳ አይለቀቅም። ኤችቲኤች ከዘይትና ከናፍጣ ጋር በአንድ መጋዘን አይቀመጥ፣ እሳት ያስነሣል።

በጋራዡና በጉድጓዱ መካከል 50 ሚሊ ፒቪሲ የመከታተያ ጉድጓድ ተተክሏል። ናሙና ከመያዙ በፊት የቆመው ውኃ ሦስት እጥፍ ይወጣል፤ 6 ሜትር ውኃ 11.8 ሊትር ነው፣ ስለዚህ 35 ሊትር። መጀመሪያ የሚታየው ባልዲው ላይ ቀስተ ደመና የሚመስል ፊልም ነው። ቢጠፋም ሽታው ይመዝገብ።

ለመጠጥ ውኃው የዓለም ጤና ድርጅት ወሰኖች፦ ናይትሬት 50፣ ፍሎራይድ 1.5፣ ክሮሚየም 0.05፣ ቤንዚን ከተባለው ነዳጅ ውስጥ ያለው ቤንዞል 0.01 ሚሊ ግራም በሊትር፤ ኢ. ኮላይ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ዜሮ። የናይትሬት ወረቀት ሲነበብ ማሸጊያውን ማየት ነው፦ አንዳንዱ የሚሰጠው የናይትሮጅኑን መጠን ስለሆነ በ4.43 ይባዛል። 12 ያነበበ ሰው ደህና ነው ብሎ ይሄዳል፤ 53 ሆኗል። የኢ. ኮላይ ናሙና ጠርሙስ በበረዶ ታሽጎ በ6 ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ ይግባ። የቧንቧው አፍ በነበልባል ይለብለብ፣ ክሎሪን ያለው ውኃ ከሆነ ጠርሙሱ ውስጥ ሶዲየም ታዮሰልፌት ይኑር፤ አለዚያ ክሎሪኑ በመንገድ ላይ ተሕዋስያኑን ገድሎ ውሸት ያሳያል።

ናሙና የሚያዘው ደረቅ ቀን ላይ ብቻ ከሆነ ውጤቱ ሁልጊዜ መልካም ነው። የበልጉ ዝናብ ከጣለ በኋላ ተይዞ፣ ከሰኔው የመጀመሪያ ዝናብ በኋላ ይደገማል።

ግንቦት

ከጋራዡ፣ ከላቫጆውና ከማድለቢያው ጋር የጽሑፍ ስምምነት ተፈረመ፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 በካይ የበከለውን እንዲያጸዳ ወይም ወጪውን እንዲሸፍን ስለሚያስገድድ ስምምነቱ የሚጠቅሰው እሱን ነው። ሰነዱ ላይ የማጣሪያው ጭቃ መቼ እንደሚወጣ ተጽፏል፦ የመጀመሪያው ክፍል ሲሶው ጭቃ ሲሆን። ለመለካት ምልክት የተደረገበት እንጨት እዚያው ታስሯል።

የአዲስ አበባ–ደሴ መንገድ ቅርብ ስለሆነ የነዳጅ ቦቴ ቢገለበጥ የሚሆነውም ታስቧል። በዘበኛው ቤት ሁለት ከረጢት ሰጋቱራ፣ አሸዋ፣ አካፋና ላስቲክ ተቀምጧል። የመጀመሪያው ሥራ እሳት ማራቅ፣ ቀጥሎ ቦዩን በአሸዋ ከታች መዝጋት ነው። ውኃና ሳሙና አይነካው፤ ነዳጁን ወደ ስንጥቁ የሚከት እሱ ነው።

የሚቀረው የድሮው የድንጋይ ማውጫ ነው። ቆሻሻውን ማውጣት አቅም ይጠይቃል፤ እስከዚያ ከላይ የሚመጣው ጎርፍ በመቀልበሻ ቦይ ወደ ጎን ይመለስ፣ ፊቱ በ50 ሳንቲም የተጠቀጠቀ አፈር ወደ ውጭ ዘንብሎ ይሸፈን። ቦዩ ሰኔ ሳይገባ ይቆፈር።